ዐሥር ፓውንድና ሃያ አራት ሰው

ጁን 27 ቀን 1865 ሐድሰን ቴይለር የተባለ የሠላሳ ሦስት ዓመት እንግሊዛዊ ለንደን ውስጥ ወዳለ ባንክ ገብቶ ሂሳብ ከፈተ። ያስገባው ዐሥር ፓውንድ ነበር። ሂሳቡ በራሱ ስም ሳይሆን «የቻይና መሀል አገር ሚስዮን» በሚል ስም ተመዘገበ፤ በዚያ ቀን ቢሮም፣ ጸሐፊም ባልነበረው ድርጅት ስም። ከሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ ዕለት፣ ብራይተን በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ አሸዋው ላይ ብቻውን ሲንቆራጠጥ ቆይቶ በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አንድ ልመና ጽፎ ነበር፤ ሃያ አራት ሠራተኛ እንዲሰጠው። የፕሮቴስታንት ሚስዮናዊ ላልነበረባቸው ዐሥራ አንድ የቻይና ጠቅላይ ግዛቶች ሁለት ሁለት፣ ለሞንጎሊያም ሁለት። ዐሥሩ ፓውንድ ለሃያ አራት ቢካፈል ለአንድ ሰው ግማሽ ፓውንድ እንኳ አይደርስም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያደረገው ቻይናን አይቶ የማያውቅ ጀማሪ ቢሆን ኖሮ የልጅነት ነገር ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ቴይለር ግን ሻንጋይና ኒንቦ ስድስት ዓመት ኖሮ፣ ታሞ የተመለሰ ሰው ነው። የባዕድ አገር ኑሮ ምን እንደሚያስከፍል አሳምሮ ያውቃል። ይህም ሆኖ ለማንም ሰው ገንዘብ ስጡኝ ላለማለት ወስኗል። ውሳኔው በጸሎት ቤት ብቻ የተወለደ አልነበረም። ግማሹ የመጣው ከዘገየ ደመወዝና ከሰው ዕዳ ነው፤ «የእምነት ሚስዮን» የሚባለውን የሚስዮናዊነት ዓይነት ታሪክ በደንብ የሚገልጠውም ይህ ግማሹ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባለችው ሐል በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ቴይለር ሕክምና ለመማር የሐኪሙ የሮበርት ሃርዲ ረዳት ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ሃርዲ ደግ ግን ዝንጉ ሰው ነው፤ ደመወዝህ ሲደርስ አስታውሰኝ ብሎታል። ወጣቱ ግን ሌላ ነገር አስቧል፦ ቻይና ስገባ የማስታውሰው አሠሪ አይኖረኝም፤ ስለዚህ ሰውን በእግዚአብሔር በኩል ብቻ ማንቀሳቀስን ከአሁኑ ልልመድ። በአንድ ቦይ ዳር በተደረደሩ የድኻ ቤቶች መካከል አንዲት ክፍል ተከራየ። ቅቤውን ትቶ በአጃና በሩዝ መኖር ጀመረ።

ደመወዙ ቀኑ አለፈ። ቴይለር ዝም አለ። በኪሱ የቀረችው አንዲት የሁለት ሺሊንግ ተኩል ሳንቲም ነበረች። እሑድ ምሽት አራት ሰዓት ገደማ አንድ ችግረኛ ሰው መጥቶ ሚስቴ ልትሞት ነው፣ ናና ጸልይላት አለው። ደረጃውን ሲወጡ አራት አምስት ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ጉንጫቸው ሰርጉዷል፤ እናታቸው አራስ ሕፃን ታቅፋ ተኝታለች። ቴይለር ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ልቡ ውስጥ የሚመላለሰው ጸሎት ሳይሆን ምንዛሪ ነበር። ያቺ ሳንቲም ተዘርዝራ ብትሆን አንድ ሺሊንጉን እሰጥ ነበር፤ አንዲት ድፍን ሳንቲም ግን ወይ ሁሉ ነው ወይ ምንም። ስለሚወድ የሰማይ አባት ሊያጽናናቸው አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ተንበርክኮ ጸለየ፤ እሱም አልሆነለትም። በመጨረሻ እጁን ኪሱ ከትቶ ሳንቲሟን ሰጠ። ያን ሌሊት ያለችውን አጥሚት ጠጥቶ ተኛ።

በማግሥቱ ጠዋት ፖስታ ቤት አንድ ጥቅል አመጣ። ውስጡ ጓንት፣ ጓንቱ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ሶቨሪን፣ ማለትም ዐሥር ሺሊንግ የሚያወጣ ወርቅ። የላኪው ስም የለም፤ የፖስታው ማኅተም አይነበብም። ቴይለር ማን እንደላከለት ሳያውቅ ኖሯል።

ይህን ታሪክ የሚስዮን ሰባኪዎች እዚህ ላይ ያቆሙታል፤ ቀጣዩ ግን ይበልጣል። ዐሥሩ ሺሊንግም አለቀ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሃርዲ አሁንም ረስቷል። ቅዳሜ የቤት ኪራይ መክፈያ ነው፤ አከራይዋም ኑሮዋ በዚያው ኪራይ የቆመ ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሐኪሙ ድንገት አስታወሰ፤ ግን ገንዘቡን ሁሉ ባንክ ልኮታል። ቴይለር ጀርባውን እስኪሰጥ ጠብቆ በረዥሙ ተነፈሰ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ሊወጣ ካፖርቱን ሲለብስ ሃርዲ እየሳቀ ገባ፤ ከሀብታም ደንበኞቹ አንዱ በዚያ ሰዓት ዕዳዬን ልክፈል ብሎ መጥቶበታል፤ የሚያስቅም ነገር ነው። ከዚያው ገንዘብ ላይ ቆጥሮ ሰጠው። ቴይለር መተማመንን የተማረው እንዲህ ነው፦ የአከራይዋ ኪራይ ሊዘገይ እስኪቃረብ ድረስ ዝም በማለት። ዝምታው ለአከራይዋ ፍትሐዊ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ቴይለርም ራሱ ለእሷ ስል ልናገር ይሆን ብሎ እንደተጨነቀ ጽፏል።

ሐሳቡ የእሱ ፈጠራ አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጆርጅ ሙለር የተባለ ፕሩሲያዊ ከ1830 ጀምሮ የመጋቢነት ደመወዙን ትቶ ነበር፤ ምክንያቱም ደመወዙ የሚሰበሰበው ምእመናን ለመቀመጫቸው ከሚከፍሉት ኪራይ ስለነበር ሀብታሙ ፊት፣ ድኻው ኋላ ይቀመጥ ነበር። በምትኩ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሣጥን አኖረ። በ1836 ብሪስቶል ውስጥ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ከፈተ፤ በ1870 አምስት ትላልቅ ሕንፃዎች ደርሶ ነበር፤ በሕይወቱ ዘመን ያሳደጋቸው ልጆች ከዐሥር ሺህ በላይ ናቸው። ለአንድም ሰው እጁን ዘርግቶ አልጠየቀም፤ ዕዳም አልገባም። ይኸው ሙለር በዐሥራ ስድስት ዓመቱ የእንግዳ ማረፊያ ሂሳብ ሳይከፍል በመቅረቱ የታሰረ ልጅ ነበር። ዕዳን እንደዚያ የሚፈራ ሰው አንዳንዴ ከዚያ ይወጣል።

የሙለር የሚስቱ ወንድም አንተኒ ኖሪስ ግሮቭስ ደግሞ ኤክሰተር ከተማ የደራ የጥርስ ሕክምናውን ዘግቶ በ1829 ቤተሰቡን ይዞ ባግዳድ ገባ። ደመወዝ የሚልክለት ማኅበር ከኋላው የለም። በ1831 ወረርሽኝ ከተማዋን መታ፤ ጢግሮስም ሞላ፤ ሚስቱን እዚያው ቀበረ። ሐሳቡ ባሕር ማዶ ሲሻገር የመጀመሪያው ደረሰኝ ይህ ነበር።

ቴይለር ማርች 1 ቀን 1854 ሻንጋይ ሲደርስ ከተማዋ በአማፅያን ተይዛ፣ በመንግሥት ጦር ተከብባ አገኛት። የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል፣ ከሰል ጠፍቷል። የላከው ማኅበር በዓመት የቆረጠለት ጥቂት ገንዘብ ይዘገያል፤ ደብዳቤ በመርከብ ወራት ይፈጃል። ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነገር ነው፤ ማኅበሩ የሚልክለትን ገንዘብ በከፊል ከሰው እየተበደረ መሆኑን ሲሰማ። ወደ ሮሜ ሰዎች ምዕራፍ ዐሥራ ሦስት ስለ ዕዳ የሚናገረው ቃል ለግለሰብ ከሠራ ለማኅበርስ ለምን አይሠራም? በ1857 ተለየ። ተጣልቶ ሳይሆን ተሰናብቶ፤ ግን ደመወዙ በዚያው ቆመ። ኒንቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቻይንኛ ፊደል ሁለት ቃል ሰቀለ፦ አቤንኤዘርና ያህዌ ይርኤ። አዲስ አበባ ውስጥ በየመዋዕለ ሕፃናቱና በየሱቁ ታፔላ የምናነባቸው እነዚያው ስሞች ናቸው።

እንግዲህ የ1865ቱ ሂሳብ ሲከፈት ደንቡ አብሮ የመጣው ከዚህ ሁሉ ነው። ሚስዮኑ አይበደርም። ለማንም የተቆረጠ ደመወዝ የለም፤ የገባው ይካፈላል፣ ካልገባም ሁሉም አብሮ ይጎድልበታል። በስብሰባ ላይ መባ አይሰበሰብም፣ ለማንም በግል ገንዘብ አይጠየቅም። ሥራው የሚመራው ከለንደን ሳይሆን ከቻይና ነው። ሠራተኛው የቻይና ልብስ ይለብሳል፣ ወንዱም ፀጉሩን ተላጭቶ ኋላውን ይጎነጉናል፤ ሻንጋይ ያሉ አውሮፓውያን በዚህ ብዙ ስቀዋል፣ ተቆጥተዋልም። ያላገቡ ሴቶችም ወደ መሀል አገር ይላካሉ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የባሰ ነውር ተደርጎ ተወራ።

ለኛ አንባቢ እንግዳ የሚሆነው ያ «አለመጠየቅ» ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በማርያም ስም በየደጁ ሲለምን ልመናው የትምህርቱ አካል ነው፤ ውሻ እየነከሰው፣ አንዳንዷ እየሰደበችው ትሕትና ይማርበታል፤ የሰጠችውም በረከት አገኘሁ ትላለች። በእንግሊዝ ግን የሚስዮን ልመና ሌላ መልክ ይዞ ነበር፦ መድረክ፣ ሙዚቃ፣ አንጀት የሚበላ ንግግር፣ ከዚያ ሳሕን ይዞራል። ቴይለር የሸሸው ይህንን ነው። ሰው ስሜቱ ሳይበርድ ኪሱን ዳብሶ ሁለት ሺሊንግ ጥሎ «ግዴታዬን ተወጣሁ» እንዲል አልፈለገም።

በሜይ 1866 ቶተሪጅ በተባለ ቦታ ባደረገው ንግግር ላይ ስብሰባውን የመሩት ኮሎኔል ፑጄት የሕዝቡን ስሜት አይተው፣ ሳሕን ይዙር፣ ይህ ዕድል አይለፍ አሉ። ቴይለር እምቢ አለ። ኮሎኔሉ ቅር አላቸው፤ ቴይለር ያደረው እሳቸው ቤት ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ዘግይተው መጡ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ማታ ሳሕን ቢዞር አምስት ፓውንድ ጥዬ እተኛ ነበር አሉና የአምስት መቶ ፓውንድ ቼክ ጻፉ። በዚያው ጠዋት ለቴይለር የደረሰው ደብዳቤ ላመርሚዩር የተባለች መርከብ ለመንገደኞቹ በሙሉ ቦታ እንዳላት የሚናገር ነበር።

ላመርሚዩር ሜይ 26 ቀን 1866 ከለንደን ተነሣች፤ ዐሥራ ስድስት ሚስዮናውያን፣ ቴይለርና ሚስቱ ማሪያ፣ አራት ልጆቻቸው። ቻይና ባሕር ላይ ሁለት አውሎ ነፋስ ተከታትሎ መታት፤ ምሰሶዎቿ ተሰባበሩ። ሴፕቴምበር 30 ሻንጋይ ስትገባ መርከብ ሳይሆን የመርከብ ፍርስራሽ ነበር የምትመስለው። የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

የሙለርንም የቴይለርንም ዝምታ የጠረጠሩ በዘመናቸው ነበሩ፤ ጥርጣሬያቸውም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሙለር ከ1837 ጀምሮ እግዚአብሔር እንዴት እንደመገበው የሚተርክ መጽሐፍ ያሳትማል፤ ዓመታዊ ሪፖርቱ ባለጠጎች ቤት ይገባል። ቴይለርም ከ1875 ጀምሮ በመጽሔት የቻይናን ጉዳይ ለአንባቢ ያደርሳል። «አልለምንም፤ ሳልለምን እንዴት እንዳገኘሁ ግን እነግራችኋለሁ» ማለት ከልመና ሁሉ የረቀቀ ልመና አይደለም ወይ? ሙለር ይህን ወጥመድ የሚያውቅ ይመስላል፤ በ1841 መጨረሻ ካዝናው ሲራቆት ዓመታዊ ስብሰባውንና ሪፖርቱን ሆን ብሎ አዘገየ። ሰው ችግሩን አይቶ እንዳይሰጠው ነው። ልጆቹን የሚያበላው እያጣ ይህን የሚያደርግ ሰው፣ ቢያንስ ራሱን አያታልልም።

ከገንዘቡ በላይ ዋጋ ያስከፈለው ሌላው ነበር። ኦገስት 1867 ስምንት ዓመት የሞላት ልጁ ግሬስ ሞተች። በ1868 ያንግጆ ከተማ ሕዝብ ተነሥቶባቸው ቤታቸው ተቃጠለ፤ ማሪያ ከፎቅ ዘልላ አመለጠች። የለንደን ጋዜጦችና የምክር ቤት አባላት ጥፋቱን በሚስዮናውያኑ ላይ ጣሉ፤ ለጋሾችም ራቁ። በዚያ ወቅት ሙለር በየጊዜው ገንዘብ ይልክ ነበር። ቴይለር ግን በእምነት የሚኖር የተባለው ራሱ፣ በዚህ ጊዜ በውስጡ ደርቆ ነበር። ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ቀኑን በጸሎት ጀምሮ በብስጭት እንደሚጨርሰው ይናዘዛል፤ እምነት እንዲጨመርለት ይታገላል፣ አይጨመርም። በሴፕቴምበር 1869 ባልደረባው ጆን ማካርቲ የላከለት ደብዳቤ ነገሩን ከወዲያ በኩል አሳየው፤ እምነትን ለማጠንከር ከመጨነቅ ይልቅ ታማኝ የሆነውን ማየት። ባልደረቦቹ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ ይላሉ። በተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የአምስት ዓመት ልጁ፣ ጁላይ ላይ ገና የተወለደው ሕፃን፣ ከዚያም በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ማሪያ ራሷ ሞቱ። አዲሱ ልብ የተፈተነው ወዲያው ነው።

በ1900 የቦክሰሮች ዐመፅ በተነሣ ጊዜ ከቴይለር ሚስዮን ብቻ ሃምሳ ስምንት ሚስዮናውያንና ሃያ አንድ ልጆች ተገደሉ። ሽማግሌው ስዊዘርላንድ ውስጥ ታሞ ነበር፤ ቴሌግራሙ በተከታታይ ሲመጣ ማሰብም መጸለይም እንዳቃተው፣ መታመን ብቻ እንደቀረው ተናግሯል ይባላል። ኃያላኑ መንግሥታት ቻይናን ከባድ ካሣ ሲያስከፍሉ ሚስዮኑ ድርሻውን አልቀበልም አለ። በእኔ ግምት ከዐሥሩ ፓውንድ ታሪክ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ገንዘብን አለመጠየቅ አንድ ነገር ነው፣ በሕግ የተፈረደልህን አለመቀበል ግን ሌላ።

ይህ መንገድ ወደኛ አገር የመጣው በአንድ የክሪኬት ተጫዋች በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲ. ቲ. ስተድ በ1882 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ፣ አባቱ ሕንድ ውስጥ ሀብት ያፈሩ የከበርቴ ልጅ ነበር። በ1885 ከስድስት የካምብሪጅ ጓደኞቹ ጋር የቴይለርን ሚስዮን ተቀላቅሎ ቻይና ገባ። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው የአባቱ ውርስ ደረሰው፤ በጃንዋሪ 1887 ያንን ሀብት በቼክ አከፋፍሎ ለበጎ ሥራ ሰጠ፤ አንዱ የአምስት ሺህ ፓውንድ ቼክ የተላከው ለሙለር ነው። የቀረችውን ጥቂት ሺህ ፓውንድ ለሙሽራው ሊሰጥ ቢል እሷም አልቀበልም አለች፤ ያም ሄደ። ስተድ በሃምሳ ዓመቱ ደግሞ አፍሪካ ገባ፤ በ1913 ኮንጎ ሲሄድ የተከተለው አልፍሬድ በክስተን የተባለ ወጣት ነበር፤ በክስተን ኋላ የስተድን ልጅ አገባ። አማቱ ስተድ ግን እየከረረ ሄደ፤ ብዙ ባልደረቦቹን በራሱ ሚዛን እየለካ አባረረ፤ በክስተንም ከተባረሩት አንዱ ሆነ። የታመነለትን እግዚአብሔርን እንጂ አብሮት የሚሠራውን ሰው ማመን ያልቻለ መሪ የዚህ መንገድ ሌላው ፊቱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያን ጊዜ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበር። ላምቢ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ ሱዳን ቆይቶ በኅዳር በሽታ ማግሥት፣ በ1919፣ ደጃዝማች ብሩ ጋብዘውት ሰዮ፣ ወለጋ ገባ። አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ሆስፒታል አሠራ። ከዚያ ደመወዝ የሚከፍለውን የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮኑን ትቶ በ1927 ከበክስተንና ከጆርጅ ሮድ ጋር አዲስ ሚስዮን አቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ጋር ተዋሃዱ። ያም ሚስዮን በቴይለር ደንብ የሚኖር ነበር። በ1893 ማንም ማኅበር አልልክም ሲላቸው ከሰሜን አሜሪካ ተነሥተው ሌጎስ የወረዱ ሦስት ወጣቶች ጀመሩት፤ በዓመቱ ሁለቱ በበሽታ አልቀው አንዱ፣ ሮላንድ ቢንገም፣ ብቻውን ተመለሰ፤ ግን ሥራውን አልተወም።

የላምቢ ቡድን በማርች 1928 በበቅሎ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረደ። ያሰቡት ጅማን ነበር፤ የሰፈሩት ግን ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶና ሲዳማ ሆነ። ሲዳማን የሚገዙት እነዚያው የወለጋ ወዳጅ ደጃዝማች ብሩ ነበሩ። ወላይታ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1933 መጨረሻ ነው፤ አምስት ዓመት ለዐሥር ሰው። ሚስዮናውያኑ አንድ ነገር ላይ ጠበቅ አሉ፦ የጸሎት ቤቱን የሚሠራው አማኙ ራሱ ነው፤ ሣርና እንጨቱን ያመጣል፣ ወንጌላዊውንም እሱ ይቀልባል። ሚስዮኑ ለዚህ ገንዘብ አያወጣም። ለድኻ ገባር ይህ ጭካኔ ይመስል ነበር፤ ብዙ ሚስዮኖች በዚያው ዘመን ሠራተኞቻቸውን በደመወዝ ያሳድሩ ነበር። ግን እሱ ራሱ የእነ ቴይለር ደንብ ነበር፤ ከለንደን ካዝና ጋር ያልታሰረ ሥራ።

ጣሊያን መጣ። በ1936 ሁለት የሚስዮኑ ሠራተኞች መንገድ ላይ ተገደሉ። ላምቢ ራሱ ኢትዮጵያዊ ዜግነት የወሰደ፣ የቀይ መስቀል ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው፤ ሆኖም ወራሪው ሲያሸንፍ የሚስዮኑን ሥራ ለማዳን ለጣሊያኖች መገዛቱን ገለጸ። አልጠቀመውም። ሚስዮኑም ተባረረ፣ ላምቢም ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ተከለከለ። በገንዘብ በኩል እግዚአብሔርን አምኖ የኖረ ሰው በፖለቲካ በኩል ሰው ፈራ ማለት ይቀላል፤ ሆስፒታል ሙሉ ሕመምተኛና ቤት ሙሉ ባልደረባ ይዞ ያልቆመ ሰው ግን ቶሎ መፍረድ የለበትም።

የመጨረሻዎቹ ሚስዮናውያን በኤፕሪል 1937 ከሶዶ ሲወጡ ወላይታ ውስጥ የተጠመቁት አርባ ስምንት ነበሩ። በቋንቋቸው ያላቸው መጽሐፍ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ቁርጥራጭ ነው። ሐኪም የለም፣ አስተማሪ የለም፣ ከውጭ የሚመጣ ሳንቲም የለም። ከዚያ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ዋንዳሮ የተባለው ሶዶ እስር ቤት ተገረፈ፤ የጸሎት ቤቶችም ተቃጠሉ። እስረኛን የሚቀልበው ዘመዱ በሆነበት አገር አማኞቹ ተራ ገብተው ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ ዘመድ ለሌለውም ጭምር። ገበያ ላይ የተወራው ይህ ነው፤ ከስብከቱ ይልቅ ቆጮና ቂጣ ተሸክመው የሚሄዱት ሴቶች ሰው አስተማሩ።

ሚስዮናውያኑ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ የጻፉት ዘገባ ዐሥር ሺህ ያህል አማኝና መቶ ያህል ጉባኤ ይላል። ክብ ቁጥር ነው፤ በእርሻ መሀል ተዘዋውሮ የቆጠረ የለም። የዕድገቱ ምክንያትም አንድ ብቻ አይደለም። ቀደም ብሎ በ1920ዎቹ መግቢያ ግድም ከጋሞ የተነሣው ነቢይ ኤሳ ላሌ ሕዝቡ ለአንድ ፈጣሪ ብቻ እንዲጸልይ ሰብኮ መሬቱን አለስልሶታል፤ የገባር ሥርዓት ያስመረረው ገበሬም በራሱ ቋንቋ የሚጸልይበት፣ በራሱ ሽማግሌ የሚመራ ማኅበር ሲያገኝ ልቡ ሄዷል። ያም ሆነ ይህ፣ ደመወዝ የሌለበት ደንብ ያደገው ደንቡን ያመጡት ሰዎች በሌሉበት ነው። ቻይናም ውስጥ ከ1949 በኋላ የቴይለር ሚስዮን ሲወጣ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል።

የወላይታ ወንጌላውያን ባሕር አልተሻገሩም፤ ኦሞን ግን ተሻገሩ። ጎፋ፣ ጋሞ፣ ዳውሮ፣ ኮንታ፣ አሪ፤ እያንዳንዱ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ምግብ፣ ሌላ ባላባት። አብዛኛው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ነው የሚሄደው። ቆላው ወባ ነው። እንደ ማሃይ ጮራሞ ያሉት ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ አሳልፈዋል። የሚቀልባቸው ወላይታ የቀሩት ምእመናን ናቸው፤ መከር ሲሰበሰብ የሚሰጥ እህል፣ ቡና፣ ጥቂት ብር። አዝመራ ከከፋ የተላከው ወንጌላዊ ይራባል፤ ለዚህም ማስታወሻ የሚጽፍለት መጽሔት፣ አምስት መቶ ፓውንድ የሚጽፍ ኮሎኔል የለውም። የቴይለር ሕይወት በብዙ ጥራዝ ተጽፏል፤ የእነዚህ ሰዎች ግን በጥቂት መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ብዙዎቹም በስም አይታወቁም።

ከዚያ ሥራ የወጣችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ራሷ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችና ወደ እስያ ሚስዮናውያን ትልካለች። ቀለባቸውን እንደ ጥንቱ የአጥቢያ ምእመናን በመባ ያዋጣሉ። መባው ግን በብር ነው የሚሰበሰበው፤ ሚስዮናዊው ባለበት አገር ገበያ ላይ ደግሞ ብር የሚቀበል ነጋዴ የለም።